የዶሮው ጋውን

ታናሽ ወንድሜ በሰው ፊት «እህቴ ሳታይ ተጭናው ነው» ያለውን ነገር ስንት ዓመት በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። የምረሳም አይደለሁ።

እኔ በማሽን ልብስ ላይ ጥልፍ እጠልፋለሁ። ወንድሜ ፕሮግራመር ነው፤ ሥዕሉን በኮምፒውተር ሠርቶ በፍላሽ ያመጣልኛል። ያኔ የጥርስ ሐኪሞች ነጭ ጋውን አዘዙ፤ ደረቱ ላይ ጥርስ። አንድ ዳቦ ቤትም ለሠራተኞቹ ልብስ አውራ ዶሮ አዝዞ ነበር። ማሽኑ ላይ ከተደረደሩት ሥራዎች «ሁለተኛውን ተጫኚ» አለኝ፣ ተጫንኩ። ጋውኖቹ በሙሉ የዳቦ ቤቱን አውራ ዶሮ ደረታቸው ላይ ይዘው ወጡ።

ለሐኪሞቹ ያን ቃል የተናገረው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ በገዛ ማሽኔ ክር ቀያሪ ሆንኩ። የሚጫነው እሱ ነው። እማዬ እንኳ «እሱ ይምጣና ይጫንልሽ» ማለት ለመደች። አንዱን ጋውን ግን አጥቤ፣ ተኩሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልኩት።

ባለፈው ሳምንት የአንድ ኳስ ቡድን አምበል ማሊያ ይዞ መጣ። ደረቱ ላይ ነብር ይፈልጋል፤ ጨዋታቸው በማግስቱ ነው። ወንድሜ የቀድሞው ፍላሽ ጠፍቶበት፣ የድሮውንም አዲሱንም ሥራ በሌላ ገልብጦ መጥቷል።

«መጀመሪያ በአንዱ ሞክር» አልኩት።

«አውቃለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«እወቅ። በአንዱ ሞክር።»

ማሽኑ ተንጣጥቶ ተንጣጥቶ ቆመ። አምበሉ ማሊያውን አነሳ። ነብር የለም፤ ሁለት ሥር ያለው ነጭ የመንጋጋ ጥርስ።

«ምነው ጋሼ፣ ልንጫወት ነው ልንናከስ?»

ወንድሜን ላብ አጠመቀው። «ነብሩን ነው የተጫንኩት።»

«ሳታይ ተጭነኸው ይሆናል» አልኩ፣ ቀስ ብዬ።

ኮምፒውተሩን ከማሽኑ ጎን አስቀምጦ ሁለቱን ሲያስተያይ ቆየ። ኮምፒውተሩ ላይ ስሙ ረጅም ነው፦ «የደረት ጥልፍ ለጥርስ ሐኪሞች ጋውን»፣ «የደረት ጥልፍ ለኳስ ቡድን ማሊያ»። የእኔ ማሽን አሮጌ ነው፤ ሥዕል አያሳይም፣ ረጅም ስምም አይችልም። የስሙን መጀመሪያ ብቻ ይወስድና ቁጥር ይለጥፍበታል፦ «የደረት 1»፣ «የደረት 2»። ቁጥሩ ደግሞ ሥራዎቹ ፍላሹ ላይ በገቡበት ተራ ነው። እንደገና ሲገለበጡ ተራው ተቀያየረ።

«ያኔም…» አለ።

«ያኔም ምን?»

«ያኔም ይኸው ነበር፣ እትዬ። አንቺ ያልኩሽን ነው የተጫንሽው።»

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእማዬ ንገራት።»

በመጀመሪያ ግን ቁጭ አድርጌ ለሁሉም አጭር አጭር ስም አስወጣሁት፦ «ጥርስ»፣ «ዶሮ»፣ «ነብር»።

«የባለሙያ አሰያየም አይደለም» ብሎ አጉረመረመ።

«ልጅህን ለምሳ ስትጠራው ከነቅድመ አያቱ ስም ነው?»

ሳቀና ጻፈ። ወንበሩን አስለቀቅኩትና «ነብር» የሚለውን በራሴ ጣት ተጫንኩ። ነብር ወጣ። ጥርስ ያለበትን ማሊያ በረኛው ይለብሰዋል ብሎ አምበሉ ይዞት ሄደ።

ሥራው ሲያልቅ ጋውኑን ከቁም ሳጥን አወጣሁ።

«እትዬ፣ በናትሽ።»

«እጅህን አስገባ።»

እማዬ ቤት ድረስ፣ በዋናው መንገድ፣ ዶሮውን ደረቱ ላይ ይዞ በእግሩ ሄደ። እኔም ሲነግራት ልሰማ ከኋላው ተከተልኩ።