የሚነደው አፈር

መሪማ በልጅነቷ፣ ወሎ ሳለች፣ አባቷና ጎረቤታቸው ሲያወሩ የሰማችው ግማሹ ጠፍቷታል፤ «ረግረጉን ብናደርቀው ምድሩ ከሥሩ ጤሰ፣ ምንጩም ነጠፈ» ያሉትን ግን አልረሳችም። ኋላ በኖረችበት አገር ነፃነት በታወጀ ማግስት ባሏ ኢንድሪስ ፓራዲዞ ከሚባለው የከተማው ሰፈር ወዲያ ካለው ረግረግ ለአበባ መትከያ የሚሆን ጥቁር አፈር እየቆፈረ ለአበባ ነጋዴው ለዘርዓይ ማመላለስ ሲጀምር ነገሩ አላማራትም። አንድ ቀን ከዚያ አፈር የደረቀ ጓል ምድጃው ውስጥ ከተተች፤ ተቀጣጠለ።

«አየህ! ውሃ ያቆየው የጥንት ሣር ነው እንጂ አፈር አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ! አላህ የሰጠንን እንጀራም ትጠረጥሪያለሽ?»

«ሲደርቅ የያዘው ጋዝ ወጥቶ ዓለሙን ያሞቃል ሲሉ በራዲዮ ሰምቻለሁ። ዘርዓይስ ቦይ ያስቆፈረህ ለምንድን ነው?»

«ውሃው እንዲፈስ ነዋ፤ አፈሩ ሲደርቅ ይቀላል።»

«ከረግረጉ በታች ያሉት ሰዎች የውሃ ጉድጓድስ እንዴት ነው?»

ኢንድሪስ ጓሉን ትክ ብሎ አየው።

«ውሃው ጎድሏል» አለ። «እሺ፣ ነገ ቦዩን መልሼ እደፍነዋለሁ። ለዘርዓይም ሌላ ቆፋሪ ፈልግ እለዋለሁ።»