ያልጠየቀችው ስፌት

አሚራ ጅዳ የሰው ቤት ስትሠራ ካየችውና ከሰማችው ሁሉ ለማንም ያልተናገረችው አንድ ነገር ነበር።

አሠሪዋ ማዳም ከአርባ ያለፈች፣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች ሴት ነበረች። አንድ ሰሞን ወደ አንድ የሴቶች ክሊኒክ መመላለስ ጀመረች። ቦርሳዋን ይዛ የምትከተላት አሚራ ናት። መጀመሪያ ሴትዮዋ ክፉ በሽታ የያዛት መስሏት አዝና ነበር። ኋላ ግን ክሊኒኩ ውስጥ ከተግባባቻት ግብፃዊት ነርስ እንደሰማችው፣ ማዳም የምትወጋው መርፌ የበሽታ አይደለም። ከባሏ ጋር ስትተኛ ደስታ እንዲሰማት ነው።

«ለዚህም ሐኪም አለው?» አለች አሚራ።

«አለው እንጂ» አለች ነርሷ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም «አንቺስ ተገርዘሻል?» አለቻት።

«እኛ አገር ያልተገረዘች የለችም።»

«እኛም ዘንድ ብዙ ነው። ግን የሚቆርጡት ከላይ ያለውን ነው። ከሥር ያለው አልሞተም። ጠባሳውን ፈትተው የሚያወጡት ሐኪሞች ካይሮ አይቻለሁ። ለሁሉም ይሳካል አልልሽም፤ ለአንዳንዷ ግን ይሳካል።»

አሚራ ያን ቀን ከማዳም ኋላ ኋላ እየሄደች የሰማችውን ደጋግማ አሰበችው። ከዚያ በፊት የጎደላት ነገር እንዳለ እንኳ አታውቅም ነበር።

በ2006 ሳዑዲ ሐበሻውን ስታባርር አሚራም ተይዛ፣ መጠለያ ከርማ፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ ትውልድ ከተማዋ መካነ ሰላም ገባች። ዓመት ሳይሞላት አሕመድኑርን አገባች። አሕመድኑር ከገበያው በላይ ብየዳ ቤት አለው። ከዐረብ አገር በሚላክ ገንዘብ ቤት ለሚያሠሩ ሰዎች የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ዝምተኛ ነው፤ ሚስቱን ሰው ፊት ክፉ ተናግሯት አያውቅም። አሚራ ወደደችው። ከውጭ ድምፁን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ሲያመሽባት ትሰጋለች። መኝታ ላይ ግን ምንም የለም። አያማትም፣ አያስደስታትም። እስኪጨርስ ትጠብቃለች።

አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ተመልሶ ምሳ በልተው እንደጨረሱ፣ አሕመድኑር ሳህኑን ገፋ አድርጎ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ዘመድ አስገድዶሽ ነው ያገባሽኝ?»

«ምነው? ምን አይተህ?»

«ቀን ቀን ደህና ነሽ። አብረን ስንተኛ ግን ፊትሽን ታዞሪያለሽ። የጠላሽኝ ይመስለኛል።»

አሚራ ሳህኑን ለማንሳት ተነሥታ ነበር፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። የማዳምን መርፌ፣ ነርሷ ያለቻትን፣ የራሷን ነገር። እንዲህ ያለ ወሬ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊቱን ላለማየት መሶቡን እያየች ነው የተናገረችው። አሕመድኑር ሳያቋርጣት ሰማ።

«ታዲያ ሐኪም ካለው ለምን አንሄድም?» አላት በመጨረሻ።

እንደዚያን ቀን ወድዳው አታውቅም።

ሐኪሙን ያገኘችላቸው ሀዲያ ናት። ሀዲያ አጥር የምትጋራት ጎረቤቷ፣ ከልጅነት ጀምሮ የምታውቃት ጓደኛዋ ነች። ባሏ ሙሐመድአሚን በአይሱዙ እህል ስለሚያመላልስ የደሴን ወሬ ሁሉ ይዞ ይመጣል። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ የሴቶችን ነገር ብቻ የሚያክም ዶክተር ደሴ ላይ ክሊኒክ ከፍቷል አለ። አሚራና አሕመድኑር በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ጉጉፍቱ ደጋ ላይ ብርዱ ሲያንቀጠቅጣት አሕመድኑር ጃኬቱን አውልቆ ደረበላት። አሚራ ለሐኪሙ የምትለውን መንገዱን ሙሉ በልቧ ስታጠና ሄደች።

ዶክተሩ ልብሱ የጸዳ፣ ሽቶ የሚሸት ጎልማሳ ነው። ሲገቡ ተነሥቶ አሕመድኑርን ጨበጠና «ምን ነበር ችግሩ?» አለው።

«እሷ ትንገርዎት» አለ አሕመድኑር።

«ዶክተር፣ ስሜት የለኝም» አለች አሚራ። «ልጅ ሆኜ ተገርዣለሁ። ጠባሳው ይፈታል ሲሉ ሰምቻለሁ። እሱን እንዲፈቱልኝ ነው የመጣሁት።»

ዶክተሩ ከመጋረጃው ኋላ አስተኝቶ መረመራት። ብዙም አልቆየ። ጓንቱን እያወለቀ «አብሽሪ፣ እናስተካክለዋለን» አላትና አሕመድኑርን ክንዱን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣው። አሚራ ልብሷን እየለበሰች ድምፃቸውን ትሰማለች፤ የሚሉትን ግን አትለየውም። አሕመድኑር ሲመለስ ዓይኗን ሳያይ ነጠላዋን አነሣላት።

«ምን አለህ?»

«ቀላል ነው አለ። ነገ ይሠራልሻል።»

በማግስቱ ጀርባዋን ወግተው ከወገቧ በታች አደነዘዟት። ራሷን ስላልሳተች የመቀሱ ድምፅ ይሰማታል። ዶክተሩ እየሠራ ከረዳቱ ጋር ስለሚያሠራው ቤት ያወራል፤ ግንበኛው አታሎኛል ይላል። አሚራ ጣሪያውን እያየች ዱዓ አደረገች። ሕፃን ሆና ስትቆረጥ የጠየቃት የለም። ጅዳ የሄደችውም ለቤተሰቡ ብላ ነው። ይህ ግን ለራሷ ነው፤ ሌላ ማንም የማይካፈላት፣ አፍ አውጥታ የጠየቀችው ነገር። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ሲወርድ ረዳቱ ያመማት መስሎት «ጨርሰናል፣ ጨርሰናል» አላት።

መካነ ሰላም ስትመለስ ለጎረቤቱ የማህፀን ሕክምና ነው ተባለ። ሀዲያ እንደ አራስ አጥሚት እያመጣች ጠየቀቻት። ዶክተሩ ጠብቁ ያለው ጊዜ አልፎ ከባሏ ጋር ሲተኙ ግን አሚራን ያገኛት እሳት ነበር። ነጠላዋን ነክሳ ቻለችው። አሕመድኑር «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ፊቱ ላይ አይታው የማታውቀው ደስታ ነበር። ደስታውን አይታ ሕመሙን ደበቀችው። የደነዘዘ እግር ነፍስ ሲዘራ መጀመሪያ ይወጋል አይደል? ይህም እንደዚያ ነው፣ ጀምሮታል ማለት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ሳምንታት አለፉ፤ ሕመሙ ግን ያው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በሩን ቀረቀረችና መስኮቱ ሥር ብርሃን ላይ ተቀምጣ በትንሽ መስተዋት ራሷን አየች። የድሮው ጠባሳ እንዳለ ነው። ነጣ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ ማንም ያልነካው። አዲሱ ስፌት ያለው ከታች፣ መግቢያው ላይ ነው። ጅዳ ክሊኒኩ ውስጥ ይህንንም ሰምታለች። ብዙ የወለዱ ሴቶች ለባሎቻቸው ብለው ያሠሩት ነበር። እሷ ደግሞ ወልዳ እንኳ አታውቅም።

ልብሷን አስተካክላ ቀጥታ ብየዳ ቤቱ ሄደች። አሕመድኑር መሬት ላይ የተጋደመ ትልቅ የግቢ በር እየበየደ ነበር። ሲያያት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋው።

«ዶክተሩ የሰፋው የቱን ነው?» አለችው።

«ቤት ሄደን እንነጋገር።»

«እዚሁ ንገረኝ።»

አሕመድኑር መበየጃውን አስቀመጠ። «የተቆረጠ አይበቅልም አለኝ። ለእሷ የሚደረግላት ነገር የለም። አጥብቤ ብሰፋት ግን አንተ ደስ ይልሃል፣ አንተ ደስ ሲልህ እሷም ደስ ይላታል አለኝ።»

«እኔ እዚያው ግድግዳው ኋላ ነበርኩ። ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ተስፋሽ እንዳይቆረጥ ብዬ ነው። ወላሂ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።»

«አንተስ፣ ደስ አለህ?»

አሕመድኑር ዓይኑን ወደ ተጋደመው በር መለሰ። አሚራ ወጥታ ሄደች።

በዚያው ሳምንት ለማንም ሳትናገር ብቻዋን ደሴ ወረደች። ዶክተሩ መጀመሪያ አላወቃትም። ከነገረችው በኋላም ብዙ አልተገረመም።

«ኦፕሬሽኑ ጥሩ ነው የሄደው» አላት።

«እኔ የጠየቅሁት ይህን አልነበረም።»

«ከባለቤትሽ ጋር ተስማምተን ነው የሠራነው።»

«የተቀደድኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ። ጠባሳውን ይፍቱልኝ ነው ያልኩት። ካይሮ ይሠራሉ።»

«እንግዲያው ካይሮ መሄድ ነዋ» አለና ፈገግ አለ። ወዲያው ግን ፈገግታውን ትቶ፣ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ዝግ ብሎ ተናገረ። «ስሚኝ እህቴ። ለዚህ ጉዳይ ሴት በራሷ መጥታብኝ አታውቅም። ባሎቻቸው ናቸው የሚያመጧቸው። እኔ የማውቀውን ሠራሁ። ትዳርሽን ነው ያጠነከርኩልሽ።»

«ያመኛል።»

«እሱ ቀላል ነው።» ወረቀት ስቦ ጻፈላት። «ማደንዘዣ ቅባት ነው። ከመተኛትሽ በፊት ተቀቢው፣ ምንም አይሰማሽም።»

አሚራ ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። ልትቀደው ነበር። ነገር ግን በዚያ ኮረኮንች መንገድ ስትመጣ መቀመጥ እንኳ አሟት ነበርና ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት ገዛችው። ቅባቱ እንደተባለው ሠራ። አያማትም፣ አያስደስታትም፤ ወደነበረችበት ተመለሰች። ልዩነቱ አሁን ለዚያም መድኃኒት የሚያስፈልጋት መሆኑ ብቻ ነው። ቅባቱ ሲያልቅ ሌላ አልገዛችም። አልጋዋን ለየች። አሕመድኑር አልተቆጣም። ማታ ሲገባ «አመሸሁብሽ?» ይላታል፣ እሷም «አላመሸህም» ትለዋለች፤ ከዚያ በላይ አያወሩም።

ነገሩን ለእናቷ ለወይዘሮ ብዙዬ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ብዙዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር።

«ምን ጎደለሽና ነው?» አሉ። «ባልሽ አይመታሽ፣ አይሰድብሽ። እኔ ስድስት ወልጃለሁ። አንቺ የምትይውን ነገር ስሙንም አላውቀው።»

«እማ፣ እኔን ስታስቆርጪኝ ምን ብለሽ ነው?»

«ምን እላለሁ? እኔም ተቆርጬ ነበር፣ እናቴም። ያልተቆረጠች ማን ያገባታል ይባል ነበር።»

ወይዘሮ ብዙዬ ጠጠሩን ከምስሩ እየለዩ ቆዩና፣ ቀና ሳይሉ፣ ልጃቸው ሰምታው በማታውቀው ቀጭን ድምፅ «እውነት ለሌሎቹ ይሰማቸዋል?» አሉ።

«ይሰማቸዋል፣ እማ።»

ወይዘሮ ብዙዬ ሰፌዱን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ያን ቀን ተመልሰው አልወጡም።

ክረምቱ እንደወጣ ሀዲያ መጣች። ወንዶቹ አውርተው ኖሮ፣ ሙሐመድአሚን ሚስቱን ደሴ ሊወስዳት እንደሆነ ነገረቻት። አሚራ አስቀምጣ ሁሉንም አንድ ባንድ አስረዳቻት፤ መስተዋቱን፣ ሕመሙን፣ ቅባቱን ሳይቀር። ሀዲያ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች አዳመጠቻት።

«ሙሐመድአሚን አጅባር ከተማ ሌላ ሚስት ሊያገባ ነው ይባላል» አለች ሀዲያ፣ አሚራ ስትጨርስ። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አራት ልጅ ወልጄለታለሁ። ተለዋወጥሽ ይለኛል። አንቺ ደስታ ፈልገሽ ነው የሄድሽው። እኔ ባሌን ነው የምፈልገው። ለኔማ ትክክለኛው ሐኪም እሱ ነው።»

አሚራ የሀዲያን እጅ ያዘች።

«ብቻ አብረሽኝ ሂጂ» አለች ሀዲያ። «ቢላ እፈራለሁ።»

አሚራ እምቢ ማለት ፈልጋ ነበር። ግን እሷ ተኝታ አጥሚት ያመጣችላት ሀዲያ ናት። ሄደች። በሙሐመድአሚን አይሱዙ ጋቢና ሦስቱም ተጨናንቀው ተሳፈሩ፤ ሙሐመድአሚን መንገዱን ሙሉ ሲቀልድ ሀዲያ ከልክ በላይ ስትስቅለት ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ዶክተሩ ከቢሮው ወጥቶ ሙሐመድአሚንን ጨበጠ። አሚራን አይቷታል፤ እንዳላያት ሆነ።

«ሀዲያ» አለች አሚራ፣ ዶክተሩም ባሏም እየሰሙ። «ምን እንደሚሠሩሽ ጠይቂው። ራስሽ ጠይቂው፤ ላንቺ ይንገርሽ።»

ሀዲያ ዶክተሩን አየችው፣ ቀጥላም ባሏን። ሙሐመድአሚን ሰዓቱን እያየ «ግቢ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለ። ሀዲያ ገባች። የክሊኒኩ ነርስ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

አሚራና ሙሐመድአሚን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ብዙ ቆይቶ፣ ሲቀልድ የዋለው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያማል እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«ያማል» አለችው።

ሙሐመድአሚን በሩን አየ። አልተነሣም።