ሰባት ጊዜ ብልጭ

አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ማለቷን አየች እንጂ እንዴት ብልጭ እንደምትል ሥራነሽ ልብ አላለችም። ዝናቡ እንዳባራ ቤቱን እየዞረች የነቀለችውን ሶኬት ሁሉ መልሳ ሰካች፤ ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ የስልኩን ቻርጀር፣ በመጨረሻም የእንቁላል ማስፈልፈያውን ሣጥን። ከሣጥኑ ጎን የተጣበቀችው፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር ቀይና አረንጓዴ መብራቷን ስታበራ፣ "ተመስገን፣ ደህና ናት" ብላ በረንዳው ላይ የገባውን ጭቃ ልትጠርግ ወጣች።

ተመልሳ እጇን የሣጥኑ መስታወት ላይ ስታሳርፍ መስታወቱ ቀዝቅዟል። ውስጥ ያለው አምፖል ጠፍቷል። ጎንበስ ብላ አረንጓዴዋን ተመለከተች። ሰባት ጊዜ ብልጭ ትልና ታርፋለች። እንደገና ሰባት፣ እንደገና ዕረፍት። ደህና በነበረችበት ጊዜ እንዲህ አልነበረችም፤ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያለች እንዳሻት ነበር የምትብለጨለጨው።

"ገደልኳቸው" አለች ሥራነሽ፣ ማንም በሌለበት ቤት።

ሣጥኑን የሠራችው ባሕር ዳር የምትማረው ልጇ ሂዊ ናት። ሙቀቱን የምትለካው፣ አምፖሉን የምታበራውና የምታጠፋው ያች ትንሽ ኮምፒውተር ነበረች። ባለፈው ጊዜ ሥራነሽ የራሷን እንቁላል ብቻ አስገብታ ጫጩት አውጥታለች። የሰፈሩ ሴቶች ያን አይተው ነው በዚህኛው ዙር የየራሳቸውን እንቁላል በእኩል ያመጡት፤ ከሚፈለፈለው ግማሹ እንቁላሉን ላመጣችው፣ ግማሹ ለሥራነሽ። የማን የማን እንደሆነ እንዳይምታታ በእያንዳንዱ ላይ የባለ እንቁላሏን ስም የመጀመሪያ ፊደል በእርሳስ ጽፋበታለች። ለእሑድ መፈልፈል አለባቸው። ባይፈለፈሉ ሴቶቹ የሚሉትን ከአሁኑ ትሰማዋለች። በአፋቸው ምንም አይሉም፤ "እግዜር ያላለው ነው" ብለው ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን በዚህ በር እንቁላል ይዞ የሚገባ የለም።

ጠዋት ሂዊ ደውላ ነበር።

"እማ፣ ዛሬ ኔትወርኩ ጥሩ ነው። ከዚህ ሆኜ ከርነሉን አፕዴት ላደርገው ነው። እስክደውልልሽ ድረስ እንዳትነኪው።"

"ከርነል ደግሞ ምንድን ነው?"

"እንደ አስኳል በይው። ሌላው ሁሉ በእሱ ነው የሚንቀሳቀስ።"

"አስኳሉን ልትቀይሪ ነው? እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ አይሻልም?"

"ሙቀት መለኪያው አልፎ አልፎ እየጠፋ የሚያስቸግረን በአሮጌው ምክንያት ነው። እኛ ስንተኛ ቢጠፋ እኮ ይቀቀላሉ፣ እማ።"

ሥራነሽ እሺ አለች። እሺ ስትል ግን አንድ ነገር እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ሁልጊዜም ይመጣል። የመጣው በጮቄ ተራራ በኩል ነው። ሰማዩ ጠቆረ፤ ነጎድጓዱ ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። በእናቷ ቤት መብረቅ ቀይ ነገር ይወዳል ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው፤ ሰማይ ሲያጉረመርም ቀዩ ብርድ ልብስ ሣጥን ውስጥ ይገባ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስትማር የፊዚክስ አስተማሪዋ ይህ ተረት ነው ብሏታል። አምናዋለች። ብታምነውም ነጎድጓድ ሲመጣ ቀይ ሻርፕ ታወልቃለች። በጨለመው ክፍል ውስጥ ያች ቀይ መብራት ስትበራ አየቻት፤ ሮጣ ነቀለቻት። መጠባበቂያ ባትሪ እንዳላት ትዝ ሲላት፣ እሱም ሽቦ አለው ብላ እሱንም ነቀለችው።

ባሏ አቶ ባዘዘው ለሥራ ወደ ቁይ ከተማ ሄዷል፤ ቢኖርም ስለዚህ ነገር ከእሷ የተሻለ አያውቅም። ሂዊ ጋ ደወለች፤ ስልኳ አይሠራም። እንቁላሎቹን በጋቢ ጠቅልላ መልሳ ሣጥኑ ውስጥ አደረገቻቸው። ኮምፒውተሯን በሂዊ የልጅነት ምሳ ዕቃ ውስጥ አስቀምጣ በባጃጅ ወደ መናኸሪያው ወረደች። እዚያ አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ከሂዊ ጋር አብሮ የተማረ መሳፍንት የሚባል ልጅ ሱቅ አለው።

"ሰባት ጊዜ ነው ያሉኝ፣ እትዬ ሥራነሽ?"

"ሰባት። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ።"

"እንግዲያው 'ከርነሉን አላገኘሁትም' ማለቷ ነው።"

"የት ሄዶ ነው?"

"የትም አልሄደም። እየተጻፈ እያለ ኃይል ተቋርጦ ግማሹ ነው የገባው።"

"በግማሹ አትሠራም? እስከ እሑድ ብቻ።"

መሳፍንት ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው። "በግማሽ ቁልፍ በር አይከፈትም፣ እትዬ።"

ከኮምፒውተሯ ሆድ ጥፍር የምታህል ካርድ አውጥቶ በራሱ ላፕቶፕ ከፈታት። ሥራነሽ ዓይኗን ከፊቱ አላነሳችም፤ ሐኪም ራጅ ሲያነብ እንደምታደርገው።

"የሂዊ ሥራ አለ፤ ምንም አልሆነም" አለ። "የተበላሸው ከርነሉ ብቻ ነው። ከኢንተርኔት አውርጄ እመልሰዋለሁ።"

"አውርድ እንግዲያ፣ የኔ ልጅ።"

"ዳታ ነው የሌለው። ከዝናቡ ወዲህ ጠፍቷል።" ስልኩን አዙሮ አሳያት፤ በስልኩ ላይ ምን ማየት እንዳለባት ግን አላወቀችም።

"መቼ ይመጣል?"

"ነገ ሊመጣ ይችላል። ሳምንትም ሊቆይ ይችላል፤ ያውቁት የለ የእኛን ነገር።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"ያለኝን አሮጌ ሲስተም ልጭንባት እችላለሁ። ያን ካደረግሁ ግን የሂዊ ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ ያለሱ ደግሞ አምፖሉን ማን ያበራዋል?" ጣቱን ወደ ግድግዳው ሶኬት ቀሰረ። "አምፖሉን ቀጥታ ሶኬት ላይ ያገናኙት። ቴርሞሜትር አለ አይደል? ከሠላሳ ሰባት ተኩል ሲያልፍ ይንቀሉ፤ ሲወርድ ይሰኩ።"

"እስከ መቼ?"

መሳፍንት ላፕቶፑን ዘጋ። "ካርዷን ከነኮምፒውተሯ ይተዉልኝ፤ ዳታው እንደመጣ እሠራታለሁ" አለ።

ሱቁ ሲቃጠል፣ ሌባ ጣሪያውን ሲቀድ፣ ካርዷ ከጠረጴዛው ወድቃ በጥራጊ ስትወጣ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታያት። ትታለት ወጣች። ሲመሽ ባጃጅ ስለማይገኝ ባዶውን ምሳ ዕቃ ታቅፋ ያገኘችው ላይ ገባች። መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ።

"እማ፣ መስመሩ ተቋረጠብኝ። መብራት ሄደ እንዴ?"

መብራት ሄደ ብትል ማንም አይጠራጠርም። በየቀኑ ይሄዳል።

"እኔ ነኝ የነቀልኩት" አለች።

"ነጎድጓድ ነበር?"

"ነበር።"

"ባትሪውስ?"

"እሱንም።"

"አይ እማ።" አለች ሂዊ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። እስኪፈለፈሉ መታገሥ ነበረብኝ።"

"መሳፍንት በእጅሽ ሰኪ ንቀዪ ብሎኛል።"

"እንግዲህ ዛሬ ከርነሉ አንቺ ነሽ በቃ" አለች ሂዊ፤ ልትስቅ እየሞከረች። "ይተርፉ ይሆን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። አላውቅም።"

ሥራነሽ ሌላ ነገር ልትጠይቅ ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

በሯ ላይ ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ቆመው ጠበቋት። በሣጥኑ ውስጥ የእሳቸውም እንቁላል አለ፤ "ወ" የተጻፈበት። ነጠላቸው ሥር የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል።

"ስትሮጪ አይቼሽ ነው። ማሽኑ ታመመ አሉ?"

"አዎ እማሆይ። አስኳሉ ተበላሽቶ።"

"የማን አስኳል?"

"የኮምፒውተሯ።"

እማሆይ ነጠላቸውን ገለጡት። ታቅፋ የሰነበተች ቀይ ዶሯቸው አንገቷን አውጥታ በቁጣ ጮኸች። "በይ እንኪ። የኔዋ አስኳሏ ሆዷ ውስጥ ነው። ነጎድጓድ ሲመጣም አትነቀልም።"

"ነገሩን ሰምተዋል ማለት ነው።"

"ልጄ፣ እኔም እኮ ሬዲዮኔን ነቅዬ አልጋ ሥር ነው የተደበቅሁ።"

ጥግ ላይ በአሮጌ ቅርጫት ጭድ አነጠፉላት። ሥራነሽ ጋቢውን ፈታች። እንቁላሎቹ እንደ ድንጋይ አልቀዘቀዙም፤ አልሞቁምም። አንዱን አንስታ በስልኳ መብራት አየችው፤ ውስጡ ጥቁር ነው። በዚህ ጊዜ ጥቁር መሆኑ መልካም ነው ብላታለች ሂዊ፤ ጫጩቱ ሞልቶታል ማለት ነው። የሞተም ግን ጥቁር ነው። ይንቀሳቀስ እንደሆን ብላ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። የተንቀሳቀሰው የራሷ እጅ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃታት።

"ሁሉንም አትችልም" አሉ እማሆይ። "አሥራ አራት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት። ምረጪ።"

ሥራነሽ ፊደሎቹን እያየች መለየት ጀመረች። መጀመሪያ "ወ"ን፣ ከዚያ የሌሎቹን ሴቶች። አንድ በአንድ ከዶሮዋ ክንፍ ሥር ስታስገባ ዶሮዋ በምንቃሯ እጇን ወጋቻት፤ ከዚያ ሰፋ ብላ ተቀመጠችላቸው። ቅርጫቱ ሲሞላ ጋቢው ላይ የቀሩት ብዙዎቹ "ሥ" የተጻፈባቸው ነበሩ።

"ያንቺስ?" አሉ እማሆይ።

"ለእነሱ እኔ አለሁ።"

እማሆይ፣ "እመቤቴ ትጠብቅልሽ" ብለው ሳይጨልም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አምፖሉን ቀጥታ ሶኬቱ ላይ ሰካች። ቴርሞሜትሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሲያልፍ ነቀለች፣ ሲወርድ ሰካች። እንደገና ነቀለች፣ እንደገና ሰካች። እጇ ሥራውን ቶሎ ለመደው፤ ልቧ አልለመደውም። መብራት ቢሄድስ? እንቅልፍ ቢጥላትስ? ምናልባትም የምታሞቀው ከቀትር ጀምሮ የሞተ ነገር ይሆናል፤ ይህን የሚነግራት ማንም የለም።

ሰካች። በዚያው ቅጽበት በጮቄ በኩል ሰማዩ አጉረመረመ።

ሥራነሽ ተነሳች። ቴሌቪዥኑን ነቀለች፤ ፍሪጁንም፤ ቻርጀሩንም። ቀዩን ሻርፕ ከአንገቷ አውልቃ ትራስ ሥር ከተተችው። በመስኮቱ ብልጭ አለ፤ የነጎድጓዱ ድምፅ ከበፊቱ ቀርቦ መጣ። የአምፖሉን ሶኬት ያዘች። ጣቷ ፕላስቲኩ ላይ ቆየ። ቴርሞሜትሩን አየች፤ ገና አልደረሰም። ጥግ ላይ ዶሮዋ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች።

እጇን አነሳች። ሶኬቱ እንደተሰካ ቀረ።

በርጩማዋን ስባ ከሣጥኑ አጠገብ አደረገች፤ እግሯ ሲሚንቶውን እንዳይነካ የጎማ ጫማ አጠለቀች። ከዚያ ነጎድጓዱ በበር የሚገባ ይመስል ወደ በሩ ሄዳ መቀርቀሪያውን ወረወረች፣ ቁልፉንም ሁለት ጊዜ አዞረችው።