የደሳለ ብስክሌት መሪ

«ኧረ ተይ፣ ከመሐል አትጀምሪ!» ብስክሌት ጠጋኙ አባስ እጇን ያዛት። «ከጫፍ ነው ወደ መሐል የሚጠቀለለው። ከመሐል ከጀመርሽው ዳገት ላይ እጅ ሲገፋው ይተረተራል።»

ጽጌማርያም በብስክሌቱ መሪ ላይ፣ ከአሮጌው ጎማ በላይ፣ የጀመረችውን አዲሱን ጥብጣብ መልሳ ፈታችው። አባቷ ደሳለ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ ለቅሶው መሐል ይዞራል። ሠላሳ ዓመት የላሊበላን ዳገት በብስክሌት እየዞረ የውሃ ቆጣሪ ላነበበ ሰውስ ምን ይውጣለት? «ብስክሌቱ ይውጣ» ያለችው እሷ ናት። አጎቷ ምስጋኑ «ሰው ይስቅብናል» ብሎ አኩርፏል። መሪው ላይ የተጠቀለለው የውስጥ ጎማ ተበጣጥሷል፤ እንዲህ እንደተንጠለጠለ ከወጣማ እውነትም መሳቂያ መሆናቸው ነው።

በልጅነቷ አባቷ ከፊቱ ብረቱ ላይ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሳት ነበር። ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ «ያዝ አድርጊ፣ ጽጌ!» ይላል፤ እሷም መሪውን ከእጆቹ መሐል ትጨብጣለች። ሌላ ቃል ከአፉ አይወጣም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወደ ደሴ ስትሄድም መናኸሪያው ላይ ያላት ይህንኑ ነው፤ ያኔ ቅር ብሏት ነበር።

አዲሱን ከመጠቅለሏ በፊት አሮጌውን ጎማ ስትልጥ እጇ ቆመ። ጫፍ ጫፉ ሦስት አራት ዙር ወፍሯል። መሐሉ ላይ ግን፣ በግራም በቀኝም፣ አንዲት ትንሽ ቦታ አንድ ዙር ብቻ ናት።

«ጋሼ አባስ፣ እዚህ ጋ ጎማ አንሶት ነው?»

«ምን ያንሰዋል! በየዓመቱ ጎማውን የምሰጠው እኔ። ‹እዚች ጋ አታወፍርብኝ፣ እጇ አይዞርላትም› ይለኛል። ‹አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ እኮ ደሴ ገብታለች!› ስለው፣ ‹እሱስ አዎ› ይልና መልሶ እንደዚያው ያስጠቀልለኛል። ወላሂ፣ አምናም እንደዚሁ ነው የጠቀለልነው።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት?»

«ይኼን ሁሉ ዓመት።»

አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያ ዝምተኛ ሰው ይህን ያህል ነገር በሆዱ ይዞ ሲዞር እንደኖረ አንድም ቀን ጠርጥራ አታውቅም። ገረማት፤ ብረቱን መንካት እንኳ ፈራች።

«አልደረሰም እንዴ?» አለ ምስጋኑ ከደጅ።

ከጫፍ ጀመረች። እዚያች ቦታ ስትደርስ አንዴ ብቻ አዞረችና አለፈች። አባስ አየና የቀረውን ጥብጣብ ያዘላት።

ብስክሌቱ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ ማንም አልሳቀም። ምስጋኑ ብድግ አለ። ጽጌማርያም መሪውን ከጫፍ አልያዘችም፤ እዚያው መሐሉ ላይ ነው የያዘችው፣ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጣቷን አስገብታ። ከዚያ በላይ ቦታው አልበቃትም።