ያነጠሰው ታንኳ

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ሰበዝ ውሸት ብትገኝ ጣና ይድረቅብኝ፤ ዓሣውም ለእኔ ብቻ አጥንት ይሁንብኝ። ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለቱንም ጊዜ ስለወደቅሁ፣ ለመዋሸት የሚበቃ ትምህርት የለኝም። የባሕር ዳር ሰው ግን «እሱ ነው ያወራው? እንግዲያስ ለሦስት ክፈለው» ይላል። እናንተ አትክፈሉት፤ እንዳለ ውሰዱት።

ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና ሃያ ጎረምሳ እንዲያዋጣ ታዞ፣ አሥራ ዘጠኙን አፍሶ ኤንትሬ መኪና ላይ ጭኗል። አንድ ሰው ጎድሎታል። ኤንትሬው ስድስት ሰዓት ሲሆን ወደ ማሠልጠኛ ይነሣል፤ የጎደለውም ሰው እኔ ነኝ። ውትድርናውን አልፈራሁም ብል ትስቁብኛላችሁ፤ ፈርቻለሁ። ከፍርሃቱ የባሰው ግን ሌላ ነው። ሚስቴ የብርጓል ሐይቁ ማዶ ዘጌ፣ እናቷ ቤት፣ ወንድ ልጅ ከተገላገለች አምስት ቀኗ ነው፤ እኔ ገና የልጁን መልክ አላየሁም። በዚያ ዘመን ኤንትሬ ላይ የወጣ ሰው መቼ እንደሚወርድ የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ ያለኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ሐይቁ ዳር ደርሼ፣ ታንኳ ይዤ፣ ዘጌ መግባት።

አሳዳጆቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ጓድ አምሐ ነው። ከድሬዳዋ ተዛውሮ የመጣ ደመወዝተኛ ነው፤ ውኃ ሲባል በብርጭቆ ካልሆነ አያውቅም። ካኪው ላይ ስምንት ቁልፍ አለ፤ ስምንቱንም በሙቀትም ቢሆን ይቆልፋቸዋል። ሁለተኛው ክንዱ የሚባል ጥበቃ ነው። ክንዱ እዚያው ሐይቅ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ምንሽር ጠመንጃ የያዘ፣ ባሕር ዳር ካፈራቻቸው ሞኞች ሁሉ የበለጠ ሞኝ ነው። ክንዱ ባይኖር ኖሮ ይህ ታሪክ በሁለት መስመር ያልቅ ነበር።

በራፉ ሲንኳኳ እኔ በጓሮ አጥር ዘልዬ ወጣሁ። ወደ ሐይቁ በምታወርደው ጠባብ መንገድ የወይዘሮ የሺአረግ በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ ከአጥር እስከ አጥር ቀይ ነው። ዘለልሁት። ስንት ክንድ እንደዘለልሁ አልናገርም፤ ለሦስት ትከፍሉብኛላችሁ። ጓድ አምሐ አጥሩን ታክኮ ሊያልፍ ሲል፣ ክንዱ እፊቱ ገብቶ መሐል መሐሉን ረገጠው። ከዚያ የተነሣው ብናኝ ዓባይ ድልድይ ድረስ ያለውን ውሻ ሁሉ አስነጠሰ።

ወይዘሮ የሺአረግ ወጡና የክንዱን ቀበቶ ጨመደዱ።

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?»

«ጥበቃ ነኝ፣ እማማ።»

«ሁን። የዓመት በርበሬዬን ረግጠህ የምትጠብቀው ምኑን ነው? ልቀም።»

«እናቴ፣ ሰው እያባረርን ነው» አለ ጓድ አምሐ ዓይኑን እያሸ።

«አንተም ልቀም። እጅህን ግን ዓይንህ ላይ እንዳታደርግ። አሸኸው እንዴ? በል እንግዲህ፣ ዛሬ ስታለቅስ መዋልህ ነው።»

ክንዱ ምንሽሩን አጥሩ ላይ አስደገፈና ይለቅም ጀመር፤ አንድ በአንድ፣ ጭራውን እየያዘ። ጓድ አምሐ በኮሌታው ጎትቶ እስኪያነሣው ድረስ እኔ ሐይቁ ዳር ደርሻለሁ።

እዚያ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ለማድረቅ በእንጨት ላይ ወጥረውታል። በደረቴ ተስቤ ከሥሩ ሾለክሁ። ጓድ አምሐም እንደ እኔ ተሳበ፤ አምስቱ ቁልፎቹ መረቡ ላይ ተንጠለጠሉ። ክንዱ ሊፈታው ተጠጋና አምስቱን ስምንት አደረሳቸው።

«እጅህን አንሣ» አለው ጓድ አምሐ።

«እሺ ጓድ። ግራውን ነው ቀኙን?»

እነሱ ይህን ሲነጋገሩ እኔ ታንኳዎቹ ዘንድ ነኝ። ለማያውቅ ልንገር፤ ታንኳ የሚሠራው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ሲሠራ የዋለ ታንኳ ወጥቶ፣ በቁሙ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ለሚቀጥለው ቀን አይሆንም። ቀዛፊዎቹ «የቆመ ይሄዳል፣ የተኛ ይጠጣል» ይላሉ። በዚያን ዕለት ሰባት ደረቅ ታንኳዎች ዳር ላይ ተደርድረው ቆመዋል። አንዲት አሮጊት ታንኳ ብቻ፣ ሦስት ቀን ሙሉ እንጨት ስታመላልስ ሰንብታ፣ ውኃው ላይ ተኝታለች።

ከቆሙት አንዱ ሆድ ውስጥ ገባሁና እኔም ቆምሁ። የታንኳዎቹ ባለቤት አባ አዘዘ ደንገል ሲያስሩ ነበር፤ አዩኝና ማሰራቸውን ቀጠሉ። ወዲያው ጓድ አምሐ መጣ። ቁልፍ የሚባል አልቀረለትም፤ ዓይኑ ግን እንደ በርበሬው ቀልቷል።

«አባቴ፣ የሚሮጥ ሰው አላዩም?»

«የሚሮጥ አላየሁም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቆሜአለሁ።

ይኸኔ ነው ያ የበርበሬ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ሥራውን የጀመረው። ያዝሁት፣ ያዝሁት፣ አመለጠኝ።

አባ አዘዘ ቀና እንኳ ሳይሉ «ይማርህ» አሉ።

«ማንን ነው?» አለ ጓድ አምሐ።

«ታንኳውን። ጠዋት ብርድ መትቶታል።»

ሁለተኛው ሲመጣ ታንኳው ከእነ እኔ ተንገዳገደ። ከዚህ ወዲያ መደበቅ የለም። ታንኳውን እንዳለ ራሴ ላይ ተሸክሜ ሮጥሁ፤ ከሩቅ ያየኝ ሰው ታንኳ እግር አወጣ ሳይል አልቀረም። ውኃው ላይ ጣልሁት፣ ወጣሁበት፣ መቅዘፊያውን አነሣሁ።

«ታንኳ አምጣ» አለ ጓድ አምሐ።

ክንዱ የቆሙትን ስድስቱን አለፋቸውና የተኛችውን አሳየው። «ይቺ ትሻላለች፣ ጓድ። ተዘጋጅታ ውኃ ላይ ናት። እነዚያን እስክናወርድ ያመልጠናል።»

«አሁን ገና ሰው ሆንህ» አለው ጓድ አምሐ። አባ አዘዘ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ክንዱን አዩት፤ መልሰው ዘጉት።

ወጡባት። መቅዘፊያ ስላልነበራት ክንዱ በምንሽሩ ቀዘፈ። ሃያ ክንድ ያህል እንደሄዱ ውኃው ጫማቸውን፣ ቀጥሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ታንኳዋ አልተገለበጠችም፤ እንደ ደከማት ሴትዮ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጓድ አምሐ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም» ብሎ ጀመረና የቀረችውን ቃል ሊናገራት አልፈለገም። በዚህ መካከል አንዲት ጉማሬ ብቅ አለች። የጓድ አምሐን ቆብ ሲንሳፈፍ አግኝታ፣ ራሷ ላይ እንዳደረገችው፣ እንደ አዛዥ ገልመጥ አድርጋን ጠለቀች።

ጓድ አምሐ ቆም ሲል ውኃው ከወገቡ አላለፈም። ድምፅ በውኃ ላይ ሩቅ ይሄዳልና የተነጋገሩትን ሁሉ ሰማሁ።

«አንተ የዚህ ሐይቅ ልጅ አይደለህም?»

«ነኝ፣ ጓድ።»

«ታዲያ ታንኳ አታውቅም?»

«እኛ ቤት ዋና እንጂ ታንኳ አልተማርንም፣ ጓድ።»

ኤንትሬው ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው እንደጎደለው ሄደ። እኔ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዘጌ ገባሁ። ልጁ ቀይ ነው፣ ጠጉራም ነው፤ ሳቅፈው አነጠሰብኝ፤ ለካ ልብሴ በርበሬ እንደሆነ ነው።

እንግዲህ ይኸው ነው። አንዲት ነገር ብቻ ከራሴ ፈጥሬአለሁ፤ እሷን ልናገርና ልረፍ። የሮጠው እኔ አይደለሁም። የሮጠው ደሞዝ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የብርጓልም የእሱ ሚስት ናት፤ እኔ እስከ ዛሬ ወንደላጤ ነኝ። እኔ ክንዱ ነኝ፤ የቆመውን ታንኳ ከተኛው ለመለየትም ከልጅነቴ ጀምሮ አላጣሁም። የመንግሥት ምንሽር አርጥበሃል ተብዬ ሦስት ቀን ቀበሌው ውስጥ ታሰርሁ፤ ሦስቱንም ቀን አባ አዘዘ የተጠበሰ ዓሣ እየላኩ አጠገቡኝ። ደሞዝን ራሱን ብትጠይቁት «ሮጥሁ፣ አመለጥሁ» ብሎ ዝም ነው የሚላችሁ። እስቲ እንዲህ ያለ ሩጫ ለእንዲህ ያለ ሰው ይተዋል?