ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረው አንድ ሰዓት ተኩል

ኢና ኦጋይ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ባለው ምግብ ቤት ሾርባዋን ሁለት ማንኪያ ሳትቀምስ ገፋችው። ዓይኗ ከግድግዳው ሰዓት ላይ አልነቀል ብሏል። ስድስት ሰዓት ተኩል። ጠዋት ያስተረጎመችላት ሴት ልክ በስምንት ሰዓት ቀዶ ጥገና ክፍል ትገባለች።

ኢና ኡዝቤኪስታን ውስጥ፣ ታሽከንት አጠገብ ከኮሪያውያን ቤተሰብ ተወልዳ ያደገች፣ ሴኡል ከገባች ዘጠኝ ዓመት የሞላት አስተርጓሚ ናት። የውበት ቀዶ ጥገና ክሊኒኮች ሩሲያኛ የሚናገር ታካሚ ሲመጣባቸው ይጠሯታል። የዛሬዋ ታካሚ ዙራ ግን ከኪርጊስታን፣ ከናሪን የመጣች የሃምሳ ሁለት ዓመት የሙዚቃ አስተማሪ ስትሆን፣ ሩሲያኛዋ ከሰላምታ እምብዛም አያልፍም። ከዓመታት በፊት የተሳፈረችበት አውቶቡስ ተገልብጦ አፍንጫዋ ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ ሽታ አይለይላትም። ስትተነፍስ ስለሚያፏጭ ተማሪዎቿ በሌለችበት «ሳሞቫር» ይሏታል፤ የሻይ ማፍያው።

ጠዋት የምክክር ኃላፊዋ ወይዘሮ ናም በጥድፊያ ስትጠይቅ፣ ኢናም በጥድፊያ ስታስተረጉም፣ ዙራ ለሁሉም ነገር «ዳ፣ ዳ» አለች፤ አዎ፣ አዎ። መድኃኒት ትወስዳለች ወይ ሲባል ብቻ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ከዚያ ፈረመች።

ኢናን ምግብ ያስጣላት ያ «ዳ» ነው። እሷም ሴኡል የገባች ሰሞን፣ አያቶቿ ያስተማሯት አሮጌ ኮሪያኛ ለማንም አልገባ ሲል፣ ላለማፈር ብላ ያልገባትን ሁሉ «አዎ» ትል ነበር። እንደዚያ ስትል ነው አንድ ዓመት ሙሉ የሌሊት ፈረቃ የተመደበችው።

ተነሥታ መንገዱን በሩጫ ተሻገረች። ዙራ የክሊኒኩን ጋውን ለብሳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ኤጄ» አለቻት፣ በዙራ አገር ታላቅ እህት እንደሚጠራው። «ሩሲያኛውን እንተወው። እኔ በኡዝቤክኛ ልጠይቅዎ፣ እርስዎ በኪርጊዝኛ ይመልሱልኝ። ይቀራረባሉ።»

ዙራ ዓይኗ በራ። «ውይ ልጄ! ጠዋት የት ደብቀሽው ነው?»

«አፍሬ ነው። የኔ ኡዝቤክኛ ሽንኩርት መግዣ ብቻ ነው።»

«የኔ ሩሲያኛ ሽንኩርቱንም አይገዛ። በይ ተናገሪ!»

«ዛሬ ምንዎን ነው የሚሠሩልዎት?»

«አፍንጫዬን ነዋ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ዓይኔንም ያዩልኛል መሰለኝ። መነጽሬ ስለደከመ ደስ ብሎኝ ዳ አልኳቸው።»

ኢና አጠገቧ ቁጭ አለች። «ኤጄ፣ መነጽር አይደለም። የዓይንዎን ቆብ ቆርጠው ሊሰፉት ነው።»

«ሊሰፉት?» ዙራ ሁለት ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። «ምን አድርጌያቸው? እንዲህ ሆኜ ብገባ ውሻዬስ በር ያስገባኛል?»

ኢና ሳቋም ፍርሃቷም አንድ ላይ መጣባት። «እሺ፣ ዛሬ ከአልጋ ከወረዱ ጀምሮ አፍዎ የገባውን ሁሉ ይንገሩኝ።»

«ምንም! አትብዪ አላችሁኝ፣ አልበላሁም። ያቺን ክኒን መዋጫ አንድ ጉንጭ ውኃ ብቻ።»

«የቷን ክኒን?»

ዙራ ከቦርሳዋ የተጋመሰ የአስፕሪን እሽግ አወጣች። «የናሪኗ ሐኪሜ ለልብሽ ብላ በየቀኑ ዋጪ ያለችኝን። ይሄም መድኃኒት ሆኖ ነው? ሰፈሩ ሁሉ ይውጠዋል።»

አስፕሪን ደም እንዳይረጋ ያደርጋል። ኢና እሽጉን ይዛ ወደ ወይዘሮ ናም ሄደች።

«የለም ብላለች፣ ፈርማለች» አለች ወይዘሮ ናም፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል። «ክፍሉ ተዘጋጅቷል። አንቺ የተጠራሽው ለማስተርጎም ነው።»

«ጠዋት ያስተረጎምኩት ተበላሽቷል። እያቃናሁት ነው።»

«ነገ ሌላ አስተርጓሚ ብጠራ ቅር እንዳይልሽ።»

ኢና እሽጉን ይዛ ወጣች። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ዶክተር ፒዮ ኮፍያውን አድርጎ በኮሪደሩ ሲያልፍ አየችውና ፊቱ ቆማ እሽጉን አሳየችው። ገልብጦ አነበበው።

«ማነው ይህን ያወቀው?»

«እኔ ነኝ ዶክተር፣ አሁን ጠይቄያት።»

«ጠዋትስ ማን ነበር የጠየቃት?»

«እኔው። በማትችለው ቋንቋ። የዓይኑም ነገር አልገባትም።»

ኮፍያውን አወለቀ። ለናሪኗ ሐኪም ተደወለ፤ ክኒኑ እንዲቋረጥ ተስማሙ። ቀዶ ጥገናው በአሥራ አንድ ቀን ተገፋ፣ ለአፍንጫው ብቻ።

ዙራ ስትሰማ አልተደሰተችም። «ሰኞ ክፍል እገባለሁ ብዬ ለርዕሰ መምህሩ ቃል ሰጥቻለሁ!» ብላ አለቀሰች፤ ኢናንም ፊት ነሳቻት። ማረፊያ ስላልነበራት ግን አብራት ወደ ኢና ቤት ሄደች። ሦስት ቀን በአንዲት ክፍል ውስጥ ተኮራርፈው ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ዙራ ሊጥ አቡክታ ኑድል ቆረጠች፤ ሲበሉም እያንዳንዱን ነገር በኪርጊዝኛ እየጠራች አስደገመቻት።

ወይዘሮ ናም እንዳለችው አደረገች፤ የኢና ስልክ ዝም አለ። በየደቂቃው እያነሣች ታየዋለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ማንም ሳይጠራት ክሊኒኩ ሄዳ ዶክተር ፒዮ የተናገረውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀር፣ ለዙራ ነገረቻት። ዙራ አራት ጊዜ «አልገባኝም» አለች፤ አራት ጊዜ ተብራራላት።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተደረገላት የአፍንጫ መደገፊያ የተነሣ ዕለት ዙራ ፊቷ እንዳበጠ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ከፈተችው። በአፍንጫዋ ቀስ ብላ አየር ሳበች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ከታች ዓሣ እየጠበሱ ነው» አለች ኢና፣ ስልኳን እንደያዘች።

ዙራ እንደገና ሳበች፤ እንደገና። «ነይ እንውረድ» አለች። «የትኛው ቤት እንደሆነ እኔ አገኘዋለሁ።»