ድምፃዊት ያልሆነችው ሙኒራ

ቃል ሲበላሽ ያመኛል። ቀን ቀን ወደብ አጠገብ ባለ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ሰነድ እጽፋለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በኢንተርኔቱ የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ላይ የሰው ስህተት እለቅማለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናም የለውም፤ ስድብ ግን አልፎ አልፎ አለው።

ሙኒራ ቢሮዬ ድረስ የመጣችው እዚያው መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ እሷ በተጻፈው ጽሑፍ ተናዳ ነው። ሥራዋ የድምፅ መቅጃ ይዞ መዞር ነው፤ የክሬን ጩኸት፣ የጄኔሬተር ጉርምርምታ ትቀዳና አንዱን ከሌላው እያዋሃደች በአዳራሽ ታሰማለች። የፈረንሳይኛው ገጽ «አርቲስት ሶኖር»፣ የድምፅ አርቲስት፣ ይላታል። አንድ ችኩል ተርጓሚ ይህን አየና «ድምፃዊት ሙኒራ ከይረዲን» ብሎ ጻፈ። ድምፃዊት ማለት እንግዲህ ዘፋኝ ነው። ልጅቷ አንዲት ዘፈን ዘፍና አታውቅም።

ሳቄ መጣ። እሷ ግን አልሳቀችም። አባቷ ሐጂ ከይረዲን ከድሬዳዋ ወደዚህ ወደብ ከተማ መጥተው ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱ፣ ቤታቸው ሙዚቃ ገብቶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ጎረቤት ስልኩን ከፍቶ ቢያነብላቸው፣ ዘፋኝ ልጅ የለኝም፣ ደጄን እንዳትረግጪ አሏት። አልዘፈንኩም ብትል፣ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለው ዘጓት። ስህተትም አብሮ እንደሚወረስ የነገራቸው የለም።

ራሷ ብታርመው ወዲያው ተመልሶ ተሻረ፤ ሰው የራሱን ታሪክ አይጽፍም የሚል ደንብ አለ። ደንቡ ጥሩ ነው፤ እሷን ግን ከአባቷ አቆራርጦ አስቀራት። ስለ ሥራዋ የታተሙ መጣጥፎች አመጣችልኝና እነሱን ምንጭ አድርጌ ሙሉውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። «ድምፃዊት» ወጣ፤ «የአካባቢ ድምፆችን እየቀዳች የምትቀምር የድምፅ ጥበብ ባለሙያ» ገባ። ረዝሟል፤ ቢሆንም አይዋሽም።

ከዚያ ለአባቷ እንዳነብላቸው ለመነችኝ። የሰው ቤት ጣጣ አልወድም፤ አሳዘነችኝና ሄድኩ።

ሐጂ ሱቃቸው ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ሰሙኝ። እሷ መግቢያው ላይ ቆማለች። ስጨርስ እሷን ሳያዩ፣ ዘፈን ካልሆነ ታዲያ ምኑ ነው የሚሰማው ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላውቀውም ነበርና ወደ ሙኒራ ዞርኩ። ስልኳን አውጥታ አንድ ሥራዋን ከፈተች።

መጀመሪያ የሱቅ መዝጊያ ሲከፈት ተሰማ። ቀጥሎ መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሲያስል ተሰማ፤ ደንበኛውን በሶማልኛ አሰናበተና ብቻውን ሲቀር በአማርኛ ከራሱ ጋር ማውራት ጀመረ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን መግፋት አቆሙ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉ።

ቀረጻው ቀጠለ።

«ደጄ ላይ ነበርሽ ማለት ነው?»

«እመጣ ነበር፣ አባ።»

«ታዲያ ለምን አልገባሽም?»

«ካባረሩኝ መስማቱም ይቀርብኛል ብዬ።»

ሐጂ ከመጀመሪያው እንድታሰማቸው ነገሯትና ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉላት።